የዝሆን ግልገሎችን ከገዳዩ ኸርፒስ ቫይረስ ለመጠበቅ፦ የክትባት ሙከራችን የሥራ ማስታወሻ

ጃንዋሪ 2025፦ ምን እንደምንሠራ መወሰን

የላቦራቶሪያችን ድርሻ አራት ነገር ነው። የእስያ ዝሆን ግልገሎችን ከሚገድለው ኢኢኤችቪ ከተባለው ኸርፒስ ቫይረስ ለክትባት የሚሆን ፕሮቲን እናመርታለን፤ ያንኑ ፕሮቲን በኤምአርኤንኤ መልክ፣ ማለትም ህዋስ ፕሮቲኑን ራሱ እንዲሠራ በሚነግር የዘር መልእክት እናዘጋጃለን፤ ሁለቱን በአይጥ ላይ እናነጻጽራለን፤ በመጨረሻም በዝሆን ደም ውስጥ ያለውን የመከላከል አቅም የሚለካ ምርመራ እንዘረጋለን። ዝሆን መከተብ የእኛ ሥራ አይደለም፤ እዚያ ደረጃ ለመድረስ ከመካነ እንስሳት ሐኪሞችና ከፈቃድ ሰጪዎች ጋር ብዙ መነጋገር ይቀራል።

ቫይረሱ የታወቀው በ1995 ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ እንስሳት ኩማሪ የተባለች የ16 ወር ግልገል ከሞተች በኋላ ሲሆን፣ ግኝቱ በ1999 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። የሚራባው የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ በሚሸፍኑት ህዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚህ ህዋሳት ሲፈርሱ ደም ከትናንሾቹ ሥሮች እየሾለከ ወደ አካሉ ይፈስሳል፤ ፊት ያብጣል፣ ምላስ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ልብ ይደክማል። ግልገሏ ጠዋት ስትጫወት ታይታ በማግስቱ ልትሞት ትችላለች። በእስያ ዝሆኖች ላይ የሚገኙት 1ኤ፣ 1ቢ፣ 4 እና 5 የተባሉት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ 2፣ 3፣ 6 እና 7 የአፍሪካ ዝሆኖች ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚገድለው 1ኤ ስለሆነ ሥራችንን በእርሱ ላይ አድርገናል። በ2022 በዙሪክ መካነ እንስሳት አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ወጣት ዝሆኖች ሞተዋል፤ በጁላይ 2024 ደግሞ በደብሊን ሁለት ሞተዋል። ሁለቱም ተቋማት ልምድ ያላቸው ሐኪሞችና በቂ መድኃኒት የነበራቸው ናቸው። ፋምሲክሎቪርና ጋንሲክሎቪር የተባሉት ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች፣ የደም ፕላዝማና ፈሳሽ መስጠት የተወሰኑትን ግልገሎች አትርፈዋል፤ ነገር ግን ሕክምናው የሚረዳው ቫይረሱ በፒሲአር ምርመራ ቀድሞ ሲገኝ ነው፤ ግልገሉ መታመሙ በዓይን ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ክትባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት የማውቀው የከብት ክትባት አሠራር ነበር። ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት እንደሚደረገው ቫይረሱን በህዋስ ውስጥ ማራባት፣ አዳክሞ ወይም ገድሎ ማዘጋጀት፣ ከዚያም በተከተበውና ባልተከተበው እንስሳ ላይ በሽታውን ሆን ብሎ በማስያዝ ክትባቱ መሥራቱን ማረጋገጥ የተለመደው መንገድ ነው። በዚህኛው ሥራ ሁለቱም መንገዶች ዝግ ናቸው። ኢኢኤችቪን በላቦራቶሪ ህዋስ ውስጥ ለማራባት በተለያዩ አገሮች የተደረጉት ጥረቶች ስላልተሳኩ የሚዳከምም ሆነ የሚገደል ቫይረስ በእጃችን የለም። ሊጠፋ የተቃረበን እንስሳ ግልገል በገዳይ ቫይረስ መልከፍ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረጃ የምንሠራው ምትክ በሆነ ነገር ነው፦ በቫይረሱ ፋንታ አንድ ፕሮቲን፣ በዝሆን ፋንታ አይጥ፣ በበሽታ ፋንታ የደም ምርመራ። በዚህ ማስታወሻ እያንዳንዱ ምትክ ምን እንደሚነግረንና ምን ሊነግረን እንደማይችል ለይቼ ለመጻፍ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ በምትኩ ላይ ያየነውን ውጤት በግልገሉ ላይ እንዳየነው አድርጎ መቁጠር ነው።

የመረጥነው ፕሮቲን በኸርፒስ ቫይረሶች ሁሉ ሽፋን ላይ የሚገኘውና ቫይረሱ ከህዋስ ጋር እንዲዋሐድ የሚያደርገው ጂቢ ነው። የቫይረሱ ሙሉ የዘር ቅንብር በ2013 ስለታተመ ቫይረሱን ሳንይዝ ጂኑን ማግኘት እንችላለን። በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ቀድሞ የተለከፉ ዝሆኖች ቲ ህዋሳት (ከመከላከል ሥርዓቱ ነጭ የደም ህዋሳት አንዱ ዓይነት) ከሚያውቋቸው ዋና ዋና ፕሮቲኖች አንዱ ጂቢ መሆኑን አሳይቷል። አንድ ጥንቃቄ ግን ከመጀመሪያው ይመዝገብ። የሰው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የኢኢኤችቪ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ጂቢን ኤምኤፍ 59 ከተባለው አጋዥ ቅመም ጋር ያዋሐደው የሰው ክትባት በ2009 በታተመው ሙከራ የመከላከል አቅሙ ወደ 50 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጂቢ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብቻውን ይበቃል ብሎ መጀመር ግን ተገቢ አይደለም።

ፌብሩዋሪ፦ ጂኑና የመጀመሪያው ምርት

ወደ 2500 ቤዝ የሚጠጋውን ጂን ለሰው ህዋስ በሚስማማ ኮድ አስተካክለን አዘዝን። ፕሮቲኑን ከህዋስ ሽፋን ጋር የሚያያይዘውን ክፍል ቆርጠን አውጥተን በመጨረሻው ላይ ለማጣሪያ የሚሆን የሂስቲዲን መለያ ጨመርንበት። ዋጋው ከ300 ዶላር በታች ነበር፤ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የማምረቻ ህዋሶቹ በፈሳሽ ውስጥ የሚያድጉ፣ ኤችኢኬ 293 የተባሉ የሰው ህዋሳት ሲሆኑ፣ ፕላዝሚዱን (ጂኑን የተሸከመውን ክብ ዲኤንኤ) ወደ ህዋስ ለማስገባት ርካሹን ፖሊኢትሊንኢሚን ተጠቀምን፤ ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሸጡት ዝግጁ ኪቶች ለአንድ ሊትር ምርት የሚጠይቁት ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነበር።

የመጀመሪያው ምርት በፈሳሹ ውስጥ አልታየም ለማለት ይቻላል። ህዋሶቹን ሰብረን ፕሮቲንን ለይቶ በሚያሳየው የዌስተርን ብሎት ምርመራ ስናይ ፕሮቲኑ መሠራቱንና ከህዋስ ሳይወጣ መቅረቱን አየን። ቫይረሱ ራሱ የሚጠቀምበትን የመውጫ ምልክት አንሥተን በሌሎች የፕሮቲን ምርቶች በደንብ በተፈተነ ምልክት ተካነው። ህዋሶቹንም ጂኑ ከገባ በኋላ ከ37 ወደ 32 ዲግሪ አወረድናቸው። በዚህ ለውጥ ፕሮቲኑ ወደ ፈሳሹ መውጣት ጀመረ።

የሚቀጥለው ችግር ከባድ ነበር። በኒኬል ኮለም (የማጣሪያ ቱቦ) ያጣራነውን ፕሮቲን በመጠን በሚለየው ኮለም ስናሳልፈው አብዛኛው ከሁሉም ቀድሞ ወጣ፤ ይህ ማለት ሦስት ሦስት ሆኖ በመያያዝ ፋንታ በትላልቅ ጉብታዎች ተጣብቋል ማለት ነው። ምክንያቱ ከሌሎች የኸርፒስ ጂቢዎች የታወቀ ነው፦ ፕሮቲኑ የህዋስ ሽፋን ውስጥ የሚሰካባቸው ጫፎቹ ውኃ የሚጠሉ ስለሆኑ፣ ሽፋን ሲያጡ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በጫፎቹ ላይ ያሉትን ውኃ ጠል አሚኖ አሲዶች በውኃ ወዳዶች ተካን፤ ፉሪን የተባለው ኢንዛይም ይቆርጠዋል ብለን የጠረጠርነውን ቦታም እንዲሁ ቀየርን። ሁለተኛው ጂን በመጣ ጊዜ ከኮለሙ ትክክለኛ በሆነው ቦታ ላይ ጥርት ያለ ጫፍ አገኘን፤ ምርቱ ግን ለአንድ ሊትር ከጥቂት ሚሊግራም አልበለጠም። ለአይጥ ይበቃል፣ ለዝሆን አይበቃም፤ ለአሁኑ በዚሁ ቀጥለናል።

ማርች እና ኤፕሪል፦ ያመረትነው እውነት ጂቢ ነው?

ለሰው ወይም ለከብት ቫይረስ ቢሆን ቅርጹን የሚፈትን አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ገዝተን በአንድ ቀን እንጨርሰው ነበር። ለኢኢኤችቪ ጂቢ የሚሸጥ እንዲህ ያለ አንቲቦዲ አላገኘንም። የቀረው መንገድ ቫይረሱን በሕይወቷ ያገኘች ዝሆን ደም ሴረም ይህን ፕሮቲን ያውቀው እንደሆነ ማየት ነው። አብሮን የሚሠራ መካነ እንስሳት ለመደበኛ ምርመራ ከሚቀዳው ደም የተረፈውን ሴረም ላከልን። ዝሆኖቹ ጆሯቸውን ወደ አጥሩ እንዲያቀርቡ የሠለጠኑ ስለሆኑ ደሙ የሚቀዳው ማደንዘዣ ሳይሰጥ ከጆሮ ጀርባ ካለው ሥር ነው።

የዝሆንን አንቲቦዲ የሚይዝ ሁለተኛ ደረጃ አንቲቦዲ በገበያ ላይ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ፕሮቲን ኤ/ጂ የተባለውንና የብዙ አጥቢ እንስሳትን አንቲቦዲ የሚይዘውን ተጠቀምን። የጎልማሶቹ ሴረም በጣም ጠንካራ ምልክት ሰጠ። ይሁን እንጂ በምርመራ ሳህኑ ላይ ምንም ፕሮቲን ባልተቀባባቸው ጉድጓዶች ውስጥም ምልክት ስለነበር ይህን ደስታ ለጊዜው አቆይተን አንቲቦዲ በባዶው ቦታ ላይ እንዳይጣበቅ ወደሚከለክለው ማሸጊያ ተመለስን። የወተት ዱቄትን በሌላ ማሸጊያ መተካት፣ ሴረሙን አብልጦ ማቅጠንና የማጠቢያውን ጨው ከፍ ማድረግ ባዶዎቹን ጉድጓዶች አጸዳቸው።

ከባዱ ጥያቄ ግን አሉታዊ መቆጣጠሪያው ነበር። አንድ ምርመራ ቫይረሱን አግኝታ የማታውቅ እንስሳ ካላገኘ መቼ ዜሮ እንደሚል ማወቅ አይቻልም። ጎልማሳ የእስያ ዝሆኖች በአብዛኛው ቢያንስ አንዱን ዓይነት አግኝተው ቫይረሱ በውስጣቸው አድፍጦ የሚኖር፣ አልፎ አልፎም በኩምቢያቸው ፈሳሽ የሚያወጡት ናቸው። አዲስ የተወለደ ግልገል ቫይረሱን ባያገኝም የእናቱ አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ አለ። ከሁለቱ ነጻ የሆነው የእናቱ አንቲቦዲ ያለቀበትና ቫይረሱን ገና ያላገኘው ግልገል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ልንጠብቀው የምንፈልገው፣ በጣም ለአደጋ የተጋለጠውና ደሙ በጣም በጥቂቱ የሚቀዳው ግልገል ነው። በመጨረሻ ከአንድ እንዲህ ካለ ግልገል በፍሪዘር የቆየ ትንሽ ሴረም አገኘን። በሚሊ ሊትር ክፍልፋዮች ከፋፍለን በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ አስቀምጠነዋል፤ ለእኔ በዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ከዚህ የከበረ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሥራችን ሁሉ የቆመበትን ግኝት ልመዝግብ። በሂዩስተን የቤይለር የሕክምና ኮሌጅና የሂዩስተን መካነ እንስሳት ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ በበሽታው የሞቱት ወይም የታመሙት ግልገሎች ከመታመማቸው በፊት በተቀዳው ደማቸው ለገደላቸው ዓይነት የራሳቸው አንቲቦዲ አልነበራቸውም። በሌላ አነጋገር በሽታው ያደፈጠ ቫይረስ ተቀስቅሶ ሳይሆን ግልገሉ ቫይረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው የሚመጣ ነው። ከኔዘርላንድስ የመጣው የ2021 ጥናትም በጂቢ ላይ ተመሥርቶ ለሞት የተዳረጉት ግልገሎች የአንቲቦዲ መጠናቸው ዝቅተኛ እንደነበር አመልክቷል። ገዳዩ ያደፈጠው ቫይረስ ቢሆን ኖሮ ክትባት ብዙ ባልረዳ ነበር። የመጀመሪያው ልክፍት ከሆነ ግን ግልገሉ ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት አካሉን ማዘጋጀት ትርጉም አለው።

ሜይ እና ጁን፦ ኤምአርኤንኤውን ማዘጋጀት

ፕሮቲኑን በአንድ ወገን ይዘን ያንኑ ጂን በኤምአርኤንኤ መልክ ማዘጋጀት ጀመርን። ለዚህኛው ግን ከህዋስ ሽፋን ጋር የሚያያይዘውን ክፍል መልሰን አስገባን፤ ፕሮቲኑ በተከተበው እንስሳ ህዋስ ላይ በተፈጥሮ ቅርጹ እንዲታይ ስለምንፈልግ ነው።

ጊዜያችንን የበላው በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ኤ የተባለው ፊደል የሚደረደርበት የፖሊ ኤ ጅራት ነው። በፕላዝሚዱ ላይ ከ100 በላይ ተመሳሳይ ፊደል በተርታ ሲደረደር ባክቴሪያው በሚራባበት ጊዜ እየቆረጠ ያሳጥረዋል፤ አንዳንዱ የባክቴሪያ ስብስብ ግማሹን፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ ጥሎት ነበር። ጅራቱ ሲያጥር መልእክቱ በህዋስ ውስጥ ቶሎ ስለሚበሰብስ ይህ እንደ ትንሽ ጉድለት የሚታለፍ አይደለም። ባክቴሪያውን የዘር መቀላቀል አቅሙ ወደተቀነሰ ዓይነት መለወጥና በ30 ዲግሪ ማሳደግ ችግሩን አቀለለው እንጂ አላጠፋውም። በመጨረሻ ጅራቱን 30 ኤ፣ አጭር መለያያ፣ ከዚያ 70 ኤ አድርገን ከፈልነው፤ ይህ በፋይዘርና ባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ውስጥ ያለው አሠራር ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን እያንዳንዱን የፕላዝሚድ ዝግጅት ቅደም ተከተሉን ሳናነብ ወደ ሥራ አናስገባም።

ከገንዘብ አንጻር ከባዶቹ የተሻሻለው ዩሪዲን (ከመልእክቱ ፊደላት አንዱ)፣ የመልእክቱ ራስ ላይ የሚገባው ካፕ እና መልእክቱን ወደ ህዋስ የሚያደርሱትን የስብ ቅንጣቶች የሚያደባልቀው ማሽን ናቸው። ማሽኑን ከጎረቤት ላቦራቶሪ ተዋስን። መልእክቱ ሲሠራ በጎን የሚፈጠረው ባለ ሁለት ክር አርኤንኤ አላስፈላጊ ብግነት ስለሚያስነሳ፣ በአልኮል ውስጥ በተዘፈዘፈ ሴሉሎስ አጣራነው፤ ዘዴው ርካሽ ነው፣ ከምርቱ ግን ጥሩ ድርሻ ይወስዳል። የስብ ቅንጣቶቹ ኤስኤም 102፣ ዲኤስፒሲ፣ ኮሌስትሮልና የፒኢጂ ስብ በ50፣ 10፣ 38.5 እና 1.5 ድርሻ የተቀናበሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች ከሚፈለገው ከ100 ናኖሜትር ገደማ በላይ ወጡ፤ የፍሰቱን ፍጥነት ከፍ ስናደርግ መጠናቸው ተስተካከለ።

ጁላይ እና ኦገስት፦ አይጦች

አንደኛው የአይጥ ቡድን ፕሮቲኑን በስኳሊን ዘይት ከተዘጋጀ አጋዥ ቅመም ጋር፣ ሁለተኛው ኤምአርኤንኤውን፣ ሦስተኛው ባዶ የስብ ቅንጣት ወሰደ፤ ሁለተኛው መርፌ በሦስተኛው ሳምንት ተሰጠ። ለቲ ህዋስ ምርመራው የጂቢን ሙሉ ርዝመት የሚሸፍኑ፣ እያንዳንዳቸው 15 አሚኖ አሲድ የሆኑና ጠርዛቸው የተደራረበ ከ200 በላይ ቁርጥራጮች አስፈለጉን። የእነዚህ ዋጋ ከጂኖቹ ሁሉ ድምር በብዙ እጥፍ በለጠ፤ በበጀታችን ላይ ትልቁ ያልታሰበ ወጪ ይህ ነው።

ውጤቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ዝግጅቶች ከፍተኛ አንቲቦዲ አስገኙ፤ ፕሮቲኑ በዚህ ረገድ ከኤምአርኤንኤው አላነሰም። በቲ ህዋስ ግን ተለያዩ፦ ፕሮቲኑ ሌሎቹን የመከላከያ ህዋሳት የሚረዱትን ሲዲ 4 ህዋሳት ብቻ ሲያነቃ ኤምአርኤንኤው የተለከፈን ህዋስ የሚገድሉትን ሲዲ 8 ህዋሳትንም አነቃ። ቫይረሱ በደም ሥር ግድግዳ ህዋሳት ውስጥ የሚራባ ስለሆነ ይህን ልዩነት ትልቅ አድርጌ አየዋለሁ።

ይሁን እንጂ ቫይረሱ አይጥን አይለክፍም። ስለዚህ እነዚህ አንቲቦዲዎች ቫይረሱን ማገዳቸውን፣ እነዚህ ቲ ህዋሳትም ግልገልን ማዳናቸውን ይህ ሙከራ አይናገርም። የሚናገረው ያዘጋጀነው ነገር በሕይወት ባለ አካል ውስጥ ጂቢን እንደሚያሠራና አካሉም እንደ እንግዳ ነገር እንደሚያውቀው ነው። በላቦራቶሪ ስብሰባችን ላይ «ይሠራል» የሚለውን ቃል ከስላይዶቹ ላይ አውጥተን «በአይጥ ላይ ምላሽ ያስነሳል» በሚለው እንድንተካው ጠይቄ ተቀባይነት አግኝቷል።

ሴፕቴምበር፦ የዝሆን ደም

የዝሆን ነጭ የደም ህዋስ ከሌሎች እንስሳት የተለየ ጠባይ አለው። ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ ህዋሳት ብዙ ናቸው፤ የብዙዎቹ ኒውክለስም ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ራስ ሠር ቆጣሪ ማሽን በተሳሳተ ቦታ ይመድባቸዋል። ይህ ለሐኪሞቹ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ በግልገል ደም ውስጥ የሞኖሳይት ቁጥር ማሽቆልቆል በሽታው ከመታየቱ በፊት ከሚሰጡት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱ ስለሆነ፣ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ የሚያነብ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ለእኛም ቢሆን መዘዙ ቀላል አልነበረም። ማሽኑ በነገረን ቁጥር ተመርተን በየጉድጓዱ ያስቀመጥናቸው ህዋሳት ካሰብነው በጣም ያነሰ ሊምፎሳይት (ቲ ህዋሳት የሚገኙበት የነጭ ህዋስ ዓይነት) የያዙ ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ እንቆጥራለን።

የሚለካውን ነገር የሚለካ መሣሪያ መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ቲ ህዋስ ሲነቃ የሚያመነጨውን ኢንተርፌሮን ጋማ የሚይዙ አንቲቦዲዎች ለሰው፣ ለከብትና ለፈረስ ይሸጣሉ፤ ለዝሆን ተብሎ የተሠራ አላገኘንም። የዝሆን የዘር ቅንብር ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የዝሆኑን ኢንተርፌሮን ጋማ ጂን አሠርተን በኤችኢኬ ህዋስ አመረትነውና የተሰበሰቡትን አንቲቦዲዎች ሁሉ በዚህ ላይ ፈተንናቸው። አብዛኞቹ አላወቁትም፤ ከሚያውቁት ጥቂቶች መካከል እርስ በርስ ሳይጋጩ አንዱ ለመያዝ ሌላው ለማሳየት የሚያገለግሉ ጥንድ ተገኘ። ይህ መንገድ ጊዜ ቢወስድም ለሌሎች እመክረዋለሁ፦ በቀጥታ በዝሆን ደም ላይ ቢሞከር ኖሮ ዝምታው ከአንቲቦዲው ይሁን ከህዋሱ መለየት ባልተቻለ ነበር፤ የዝሆን ደም ደግሞ እንደ ልብ የሚባክን አይደለም።

የቀረው መጓጓዣው ነው። እንዳይረጋ በሄፓሪን የተቀዳ ደም በማግስቱ ሲደርሰን ምላሹ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ህዋሳቱ ይዝላሉ፣ ግራኑሎሳይት የተባሉት ሌሎች ነጭ ህዋሳትም ከሊምፎሳይቶች ጋር ተቀላቅለው ይወጣሉ። ደም የሚቀዳበትን ቀን ከዓርብ ወደ ሰኞ ማዛወራችን ከገዛናቸው ብዙ ነገሮች የበለጠ ረድቶናል።

ኦክቶበር፦ ከሌሎቹ ሙከራዎች አንጻር

በዚህ ወር የሰሪ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የእንስሳት ጤና ኤጀንሲና የቼስተር መካነ እንስሳት ተመራማሪዎች የሙከራ ክትባታቸውን ውጤት ኔቸር ኮሚኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ቼስተር በኦክቶበር 2018 ናንዲታና አዩ የተባሉ ሁለት ግልገሎችን ቀናት ሳይራራቁ ያጣ ቦታ ነው። ክትባታቸው በኤምቪኤ ተሸካሚ ቫይረስ የሚጀምርና በፕሮቲን የሚጠናከር ሲሆን፣ በጎልማሳ ዝሆኖች ላይ ጉዳት ሳያደርስ ቲ ህዋሳትን ማነቃቃቱን አሳይተዋል። ኤምቪኤ የፈንጣጣ ክትባት ቫይረስ በጫጩት ሽል ህዋሳት ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ ተላልፎ የተዳከመ ነው፤ በከብት እባጭ ቆዳ በሽታ ክትባት ላይ ለሠራ ሰው የዚህ ቤተሰብ ቫይረሶች እንግዳ አይደሉም። በሂዩስተን ደግሞ በቤይለር የተዘጋጀው የኤምአርኤንኤ ክትባት በጁን 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው ቴስ ለተባለች የ40 ዓመት ዝሆን ነው።

የሁለቱም ውጤት የሚያበረታታ ነው። ከጎልማሳ መጀመሩም ትክክል ነው፤ ጉዳት ቢኖር እንኳ አቅም ያለውና ደም በብዛት መስጠት የሚችል ጎልማሳ ቀድሞ ይፈተን። ሆኖም ጎልማሳዋ ቫይረሱን ቀድማ የምታውቅ ስለሆነች ክትባቱ በእርሷ ላይ የሚያደርገው የነበረን ትዝታ ማንቃት ነው። ምንም ትዝታ በሌለው ግልገል ላይ ከመጀመሪያው መገንባት መቻሉ ሌላ ጥያቄ ነው። የእናቱ አንቲቦዲ ገና በደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ሊያግደው ይችላል፤ እስኪያልቅ ከተጠበቀ ደግሞ ቫይረሱ ሊቀድም ይችላል። በእኔ አስተያየት አሁን ከሁሉም የሚያስፈልገው አዲስ ቀመር ከመጨመር ይልቅ ይህን የጊዜ ክፍተት በትክክል ማወቅ ነው። ይህ ደግሞ ማንም ዝሆን ሳይከተብ፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ የግልገሎችን ደም በየጊዜው በመቅዳትና በመለካት ብቻ ሊሠራ የሚችል ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ ሰንሰለትም አንድ ነገር ልጨምር። በሽታው የመካነ እንስሳት ችግር ብቻ አይደለም፤ በ2019 በሕንድ ኦዲሻ ናንዳንካናን ውስጥ አራት ግልገሎች ሞተዋል፣ በዱር በሚኖሩ የእስያ ዝሆኖች ላይም ተገኝቷል። የእኛ ኤምአርኤንኤ በ80 ዲግሪ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ነው። በ1990ዎቹ በአፋር የደስታ በሽታ ክትባት ሙቀትን እንዲቋቋም ተደርጎ በደረቅ መልክ ስለተዘጋጀ፣ ከአካባቢው የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ያለ በረዶ ይዘውት በመንጋው መካከል ሊዘዋወሩ ችለው ነበር፤ በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የኤምቪኤ ዝግጅት ለማድረቅ ስለሚመች፣ በአሳም ወይም በምያንማር ጫካ ለሚሠራ ሐኪም እርሱ የተሻለ ምርጫ ሊሆን እንደሚችል ለራሳችን ምርት ሳላዳላ መጻፍ አለብኝ።

ኖቬምበር፦ አሁን ያለንበት

ከሐኪሞቹ ጋር በመጠን ላይ ተነጋግረናል። ሦስት ቶን ለሚመዝን እንስሳ መጠኑ በክብደት ተባዝቶ ሊሰጥ ነው ወይ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ክትባት ግን እንደ መድኃኒት በደም ውስጥ መጠኑን ጠብቆ መቆየት አይጠበቅበትም፤ የሚያነቃው መርፌው በተወጋበት አካባቢ ያለውን የመከላከል ሥርዓት ነው። ለፈረስና ለከብት የሚሰጠው የብዙ ክትባት መጠን በክብደት አለመባዛቱ ለዚህ ምስክር ነው። ይልቅስ የሚያሳስበው መርፌው ወፍራሙን ቆዳ አልፎ ጡንቻ መድረሱ ስለሆነ ረዘም ያለ መርፌ ተመርጧል።

በላቦራቶሪ በኩል እንደ ጂቢ በቫይረሱ ሽፋን ላይ የሚገኙት፣ ጂኤች እና ጂኤል የተባሉት ሁለት ፕሮቲኖች ጂኖች ታዝዘዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው በትክክል ስለማይታጠፍ በአንድ ህዋስ ውስጥ አብረው እንዲመረቱ እናደርጋለን። የጂቢው ምርት በሊትር ከፍ እንዲል ቋሚ የህዋስ መስመር እየመረጥን ነው። ለግልገሎቹ የደም ክትትል ከሁለት መካነ እንስሳት ጋር ስምምነት ተደርሷል፦ ከመደበኛው የፒሲአር ምርመራ የሚተርፈው ሴረም በየወሩ ይላክልናል፤ ነጭ ህዋስ ግን የሚላከው ሐኪሙ የግልገሉ ክብደት ይፈቅዳል ሲል ብቻ ነው። የዝሆን እርግዝና 22 ወር የሚፈጅ ስለሆነ ናሙናው በዝግታ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ሣጥን ሰኞ ይነሣል፤ ቱቦዎቹ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የግልገሉን ዕድሜ በሳምንት፣ የእናቱን የአንቲቦዲ መጠንና የመጨረሻውን የፒሲአር ውጤት እንዲይዝ ተስማምተናል።